የትንሽ ዕቃ ትልቅ ወጪ፦ ከመተማ ዮሐንስ በኢንተርኔት የሚሸጡ አነስተኛ ምርቶች የማስረከቢያ ወጪ እንዴት ይቀነስ?

መግቢያ

ዕጣን ከመተማ ቆላ ሲወጣ በጆንያ ይጫናል፤ አዲስ አበባ ቡና ከሚፈላበት ቤት ሲደርስ ግን በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ጥቂት ግራም ነው። ሰሊጥም እንዲሁ በኩንታል ይሄዳል፤ ሸማቹ እጅ የሚገባው በኪሎ ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። በጆንያውና በቋጠሮው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከየትም የመጣ አይደለም። የመምረጥ፣ የመመዘን፣ የማሸግና ለገዢው የማድረስ ሥራ ዋጋ ነው። በችርቻሮ ልክ የማዘጋጀቱ ሥራ በአመዛኙ ምርቱ ከሚገኝበት አካባቢ ውጭ ስለሚከናወን፣ ዋጋውም የሚቀረው እዚያው ውጭ ነው።

በኢንተርኔት የሚደረግ ሽያጭ ይህን ልዩነት ያጠብባል የሚል ተስፋ አሳድሯል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልእክት ለሚደረግ ውል ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በሞባይል ስልክ መክፈልን ወደ ብዙ ከተሞችና ገጠሮች አድርሷል። በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ገጽ ሱቅ ሳይከራዩ መሸጥም የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ በመተማ ዮሐንስ የሚኖር አንድ ወጣት ዕጣኑን በሥዕል አሳይቶ፣ ዋጋ ተስማምቶ፣ ክፍያውን ተቀብሎ ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል። ያልተፈታው ጥያቄ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፦ አንድ መቶ ሃምሳ ብር የሚሸጥ ቋጠሮ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለገዢው የሚደርሰው በምን ያህል ወጪ ነው?

ይህ ጽሑፍ ትዕዛዝ ከተቀበሉበት ቅጽበት ጀምሮ ዕቃው በገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ ያለውን ወጪ ሁሉ «የማስረከቢያ ወጪ» ይለዋል። የሚያቀርበውም መከራከሪያ አንድ ነው። ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ ትንንሽ ምርቶችን ገበያ የሚያሳጣቸው በዋናነት የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ጥቅል ለብቻው የሚያልፍባቸው እጆች ብዛት ነው። ስለሆነም መፍትሔው ርካሽ መኪና ከመፈለግ በፊት ትንሹ ዕቃ ብቻውን እንዳይጓዝ ማድረግ ነው።

ወጪው የሚበዛው በእጅ ብዛት ነው

«ሩቅ ስለሆነ ውድ ነው» የሚለው ምክንያት ከመተማ ለሚላክ ዕቃ ሁሉ ይሰጣል። መንገዱ በእርግጥ ረጅም ነው። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በገንዳ ውሃ፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አልፎ ጎንደር ለመድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል፤ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ነገር ግን ርቀት የሚያስከፍለው በክብደት ልክ ነው። በርካታ ኩንታል በሚጭን መኪና ላይ የአንድ መቶ ግራም ዕጣን ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው።

የትንሽ ጥቅል ወጪ የሚከማቸው ሌላ ቦታ ነው። ሻጩ ዕቃውን አሽጎ ስም ይጽፍበታል፤ ባጃጅ ተከራይቶ መናኸሪያ ይወስደዋል፤ ከሾፌሩ ወይም ከረዳቱ ጋር ተደራድሮ ይከፍላል፤ የመኪናውን ሰሌዳና የረዳቱን ስልክ ለገዢው ያሳውቃል። ገዢው መድረሱን ለማወቅ ደጋግሞ ይደውላል፤ በመጨረሻም ሥራውን ትቶ መናኸሪያ ሄዶ ይቀበላል። ከነዚህ ተግባራት ውስጥ አንዱም በዕቃው ክብደት አይወሰንም። አምስት ሺሕ ብር ለሚያወጣ ዕቃም ሆነ ለአንድ ቋጠሮ ዕጣን ልፋቱ እኩል ነው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ሊሸከመው መቻሉ፣ ሁለተኛው ግን አለመቻሉ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ሮውላንድ ሂል በ1837 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የፖስታ ማሻሻያ ጽሑፍ፣ አንድን ደብዳቤ ከለንደን ኤዲንብራ ለማጓጓዝ የሚያስፈልገው ወጪ የአንድ ፔኒ 36ኛ እጅ ያህል ብቻ መሆኑን አሰላ። በዚያን ጊዜ ለዚሁ ደብዳቤ የሚከፈለው ግን ከአንድ ሺሊንግ፣ ማለትም ከ12 ፔኒ በላይ ነበር። ሂል ያሳየው ወጪውን የሚያበዛው ጉዞው ሳይሆን ደብዳቤውን መመርመር፣ የእያንዳንዱን ዋጋ መተመን፣ በየደጁ ቆሞ ገንዘብ መሰብሰብና ሒሳቡን መያዝ እንደሆነ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነበር፦ በክብደት ላይ የተመሠረተ አንድ ወጥ ዋጋና አስቀድሞ የሚከፈል ቴምብር። ሥርዓቱ በ1840 እ.ኤ.አ. ተግባራዊ ሆነ፤ ሌላውም ዓለም ተከተለው። በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተው የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎትም የዚሁ አስተሳሰብ ወራሽ ነው።

ዛሬም ቢሆን በዓለም ላይ ግዙፍ መጋዘኖችን የሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶች ከዚህ ሕግ አላመለጡም። አማዞን በ2012 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ርካሽ ዕቃዎችን ለብቻቸው መላክ ስለማያዋጣው፣ አጠቃላይ ትዕዛዙ 25 ዶላር ሲሞላ ብቻ አብረው እንዲላኩ ወሰነ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለትንንሽና ቀላል ዕቃዎች የነበረውን ልዩ መርሐ ግብር ዘግቶ፣ ዋጋቸው ከ10 ዶላር በታች ለሆኑ ምርቶች ዝቅ ያለ የማስረከቢያ ክፍያ ዘረጋ። ሮቦትና የራሱ አውሮፕላን ያለው ድርጅት እንዲህ ከተጨነቀ፣ ዕቃውን በባጃጅ ወደ መናኸሪያ የሚያመላልስ የመተማ ሻጭ ችግሩን በግል ጥረት ብቻ ይወጣዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

አንድ የስሌት ማሳያ

ነጥቡን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ከዚህ በታች የተቀመጡት ቁጥሮች ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የገበያ ጥናት ውጤት አይደሉም፤ ዋጋው ቢለዋወጥም የድርሻዎቹ ቅደም ተከተል ብዙም አይለወጥም።

አንድ መቶ ግራም የታሸገ ዕጣን በ150 ብር ይሸጣል እንበል። ሻጩ ይህን አንድ ጥቅል ለብቻው ሲልከው ለማሸጊያ 10 ብር፣ ለባጃጅ 50 ብር፣ ለአውቶቡስ 100 ብር፣ ለስልክ 10 ብር ያወጣል። ድምሩ 170 ብር ነው። የማስረከቢያ ወጪው የዕቃውን ዋጋ በልጧል፤ ገዢው ወደ መናኸሪያ የሚመላለስበት ገንዘብና ጊዜ እንኳ ገና አልተቆጠረም። ይህ ሽያጭ የሚፈጸመው ሻጩ ሲከስር ወይም ገዢው የዕቃውን እጥፍ ሲከፍል ብቻ ነው። በተግባር ግን አይፈጸምም።

አሁን ሁለት መቶ ተመሳሳይ ጥቅሎች፣ ማለትም 20 ኪሎ፣ በአንድ ጆንያ ሆነው ይላኩ። ለባጃጅ 50 ብር፣ ለአውቶቡስ 400 ብር፣ ለጫኝና አውራጅ 50 ብር ቢወጣ ድምሩ 500 ብር ነው፤ ለአንድ ጥቅል የሚደርሰው 2 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ለማከማቻና ትዕዛዝ ለመለየት 7 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ለገዢው ቅርብ እስከሆነ መረከቢያ ቦታ ለማድረስ 30 ብር፣ ለማሸጊያ ደግሞ እንደ በፊቱ 10 ብር ይታሰብ። ጠቅላላው የማስረከቢያ ወጪ 50 ብር ነው። ከ170 ወደ 50 ወረደ ማለት ነው።

በዚህ ሒሳብ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ ከ50 ብሩ ውስጥ ለረጅሙ መንገድ የዋለው 5 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በከተማው ውስጥ ላለችው የመጨረሻ አጭር ጉዞ የዋለው ግን 60 በመቶ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው በአንድ ትዕዛዝ ሦስት ጥቅል ቢገዛ የመለየቱና የመጨረሻው ጉዞ ወጪ ሳይጨምር ለሦስት ይካፈላል። ማሸጊያው 30 ብር፣ መንገዱ 7 ብር ከ50፣ መለየቱ 7 ብር ከ50፣ የመጨረሻው ጉዞ 30 ብር፣ በድምሩ 75 ብር ይሆናል፤ ለአንድ ጥቅል 25 ብር ነው። ከ450 ብር ሽያጭ ላይ ይህ አንድ ስድስተኛ ነው፤ ንግዱ ሊሸከመው ይችላል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል የሚናገረውም ይህንኑ ነው። ለአንዱ ጥቅል ሸክም የነበረው የጉዞ ወጪ ለሁለት መቶው ሲከፋፈል ከቁጥር አይገባም።

አካባቢው የሚያውቀው መፍትሔ፣ የጊዜው አስገዳጅነት

ተባብሮ መጓዝ ለመተማ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከማህዲስቶች ጋር ባደረጉት ጦርነት ከወደቁባትና ስማቸውን ከሰጧት ዕለት በፊት፣ መተማ በጎንደርና በሱዳን መካከል የታወቀች ትልቅ ገበያ ነበረች። ወደዚያ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ብቻውን አይጓዝም ነበር። ሽፍታ በሚያሰጋው መንገድ፣ ቀረጥ በሚጠየቅበት ኬላ ሁሉ እያንዳንዱ ለብቻው ከመደራደር ይልቅ በነጋድራስ መሪነት አብሮ ሄዶ፣ ከገበያው ሲደርስ ወደየንግዱ ይበታተን ነበር። አብሮ መጓዝና በመጨረሻው ቦታ መለያየት የትንሽ ነጋዴ ጥንታዊ ስልት ነው። የዛሬው የኢንተርኔት ሻጭ ግን ትዕዛዝ በመጣ ቁጥር አንድ ጥቅል ይዞ ብቻውን መንገድ ይወጣል።

ጉዳዩን አሁን አንገብጋቢ የሚያደርጉት ሦስት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የድንበሩ ሁኔታ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ከመተማ ማዶ ያለችው ገላባት የንግድ በር ከመሆኗ ይልቅ የስደተኞች መግቢያ ሆና ታውቃለች። በወዲያኛው ገበያ ላይ ተመሥርቶ ይኖር የነበረ አነስተኛ ነጋዴ ፊቱን ወደ አገር ውስጥ ገዢ ማዞር ግድ ሆኖበታል።

ሁለተኛው የዕጣን ዛፉ ጉዳይ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሱዳንን ያካተተ ጥናት፣ በአብዛኞቹ የዕጣን ደኖች ወጣት ዛፎች እየተተኩ እንዳልሆነና በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ምርቱ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። መጠኑ እየቀነሰ የሚሄድን ሀብት በጆንያ እየሸጡ ኑሮን ማሻሻል አይቻልም። ከአንድ ኪሎ የሚገኘው ገቢ ካላደገ፣ ዛፉን ከልክ በላይ ማድማት የሚገፋፋው ችግር ይብሳል።

ሦስተኛው የሥራ ጉዳይ ነው። ዕጣንን በደረጃ መለየት በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ምርቱ በደረጃ ተለይቶ፣ ተመዝኖና ታሽጎ ለችርቻሮ ዝግጁ የሚሆነው በቆላው ከሆነ፣ እነዚሁ እጆች ከቀን ሙያተኝነት ወደ ተሻለ የምርት ድርሻ የሚሸጋገሩበት ዕድል ይከፈታል።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

በቅድሚያ ምርቱን መምረጥ ያስፈልጋል። ለዚህ ዓይነት ንግድ ሁሉም የቆላ ምርት እኩል አይመችም። ዕጣንና ሙጫ ቀላል ናቸው፤ በአግባቡ ከተያዙ ቶሎ አይበላሹም፤ ቢወድቁም የሚደርስባቸው ጉዳት ጥቂት ነው። ሰሊጥ አይበላሽም፤ ነገር ግን ለክብደቱ የሚከፈለው ዋጋ ዝቅተኛ ነው። የሰሊጥ ዘይት ዋጋው ከፍ ቢልም ይፈስሳል፤ አንድ ጠርሙስ ሲፈስስ አጠገቡ ያሉትንም ያበላሻል፤ ስለዚህ ጠንካራ ማሸጊያ ይፈልጋል። መጀመር የሚገባው ከዕጣኑ ነው፤ ሰሊጡ እርሱ ባለበት ትዕዛዝ ላይ ተደርቦ መሄድ ይችላል።

ከዚያ በኋላ አምስት እርምጃዎች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ማሸጉ መተማ፣ ማከማቸቱ አዲስ አበባ ይሁን። ምርቱ ገና ከቆላው ሳይወጣ ወጥ በሆነ መጠን፣ ለምሳሌ በመቶና በሁለት መቶ ሃምሳ ግራም፣ ደረጃውና የትውልድ ቦታው ተጽፎበት ይታሸግ። ከዚያም በጆንያ ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን ይጫን። በመዲናዋ በአነስተኛ መጋዘን ተቀምጦ ትዕዛዝ ይጠብቅ። በዚህ አሠራር ዕቃው ከቆላ የሚነሣው ትዕዛዝ ስለመጣ ሳይሆን አስቀድሞ ነው፤ ገዢውም ሳምንት ሳይጠብቅ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያገኘዋል።

ሁለተኛ፣ ቤት ለቤት ማድረስ ቀርቶ መረከቢያ ቦታ ይለመድ። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይሠራበት ከተማ አንድን ቤት ፈልጎ ማግኘት በራሱ ብዙ የስልክ ጥሪ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ፖስታ ከጥንት ጀምሮ በቤት ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር የሚያገለግለው ያለ ምክንያት አይደለም። የፖስታ ቅርንጫፎች፣ የሞባይል ገንዘብ ወኪሎችና የሰፈር ሱቆች በአንድ ጥቅል ጥቂት ብር እየታሰበላቸው መረከቢያ ቢሆኑ፣ ከወጪው ሁሉ ከባዱ የመጨረሻው ጉዞ ይቀላል።

ሦስተኛ፣ ክፍያው አስቀድሞ ይፈጸም። ዕቃ ሲደርስ በሚከፈልበት አሠራር ከአምስት ገዢዎች አንዱ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ የአምስት ጉዞ ወጪ በአራቱ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ብቻውን ወጪውን በሩብ ያሳድጋል፤ የመመለሻው ጉዞ ደግሞ ተጨማሪ ነው። ገዢው ቅድሚያ ለመክፈል የሚፈራው በቂ ምክንያት ስላለው ነውና፣ ገንዘቡ በሻጩ ሳይሆን በማኅበሩ ሒሳብ ቆይቶ ርክክቡ ሲረጋገጥ እንዲለቀቅ ማድረግ ፍርሃቱን ያስወግዳል።

አራተኛ፣ ዝቅተኛ የትዕዛዝ መጠን ይወሰን። ለአንድ ጥቅል ብቻ የሚቀርብ ትዕዛዝ ሙሉ የማስረከቢያ ዋጋ ይከፈልበት፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ለሚያዝ ግን ዝቅ ይበልለት። ዕጣንን ከሰሊጥ፣ አንዱን የዕጣን ደረጃ ከሌላው ጋር አጣምሮ በአንድ እሽግ መሸጥም ለዚሁ ይረዳል። ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች በአንድ ስም እንዲያዝዙ ማበረታታት ለዕቁብና ለዕድር ልማድ ላለው ማኅበረሰብ የሚከብድ አይደለም።

አምስተኛ፣ የተበላሸ ዕቃ አይመለስ። የ150 ብር ጥቅልን ወደ መተማ መመለስ ከዕቃው በላይ ያስወጣል። ገዢው ጉድለቱን በሥዕል ካሳየ ገንዘቡ ይመለስለት ወይም በሚቀጥለው ትዕዛዝ ይተካለት። ይህን ልማድ አድርጎ የሚያጭበረብር ሰው ቢኖር በስልክ ቁጥሩ በሚያዝ መዝገብ ይታወቃል፤ ጥቂት አጭበርባሪ የሚያደርሰው ጉዳት ሁሉን ዕቃ ከመመለስ ያነሰ ነው።

እነዚህን ሥራዎች አንድ ግለሰብ ሻጭ ብቻውን ሊያከናውናቸው አይችልም። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የተደራጁ የአምራቾች ማኅበራትና ዩኒየኖች ግን ጥሬ ምርት ከመሰብሰብ ባሻገር ይህን የጋራ አገልግሎት ለመስጠት የሚያስችል ቁመና አላቸው። ከእነርሱ የሚጠበቀው ለአባላት ሽያጩን መንጠቅ ሳይሆን፣ ማሸጊያውን በጅምላ መግዛት፣ ሳምንታዊውን ጭነት ማስተባበርና በአዲስ አበባ ያለውን ክምችት መጠበቅ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ ከጸጥታ ጋር የተያያዘ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ይዘጋሉ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚህ ሁኔታ ዕቃን አንድ ላይ መጫን ጉዳትንም አንድ ላይ ማከማቸት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ጆንያ ሲጠፋ ሁለት መቶ ጥቅል ይጠፋል። ሆኖም ጭነቱን በሁለት መኪና ከፍሎ መላክና ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጥቂት እያስቀመጡ የመጠባበቂያ ሣጥን መያዝ አደጋውን ያሳንሰዋል። ከዚህም በላይ፣ መንገድ ወይም ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ ትዕዛዝ መቀበሉን የሚቀጥለው በመዲናዋ ክምችት ያለው ሻጭ ብቻ ነው። ዕቃውን በየትዕዛዙ የሚልከው ግን በዚያው ቀን ከገበያ ይወጣል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከገዢው ወገን የሚመጣ ነው። ከደጁ ባለው ሱቅ ዕጣን የሚያገኝ ሰው ለምን በኢንተርኔት ያዝዛል? ተራ ዕጣን ለአንድ ቀን ቡና የሚፈልግ ሰው በእርግጥ አያዝዝም፤ ማዘዝም የለበትም። የመተማ ሻጭ ሊወዳደር የሚገባው ከሰፈር ሱቅ ጋር በዋጋ ሳይሆን፣ ሱቁ ሊሰጥ በማይችለው ነገር ነው፦ ደረጃው በተለየ፣ ከሌላ ነገር ባልተቀላቀለ፣ የመጣበት ቦታ በታወቀ፣ ለወር በሚበቃ እሽግ። ዝቅተኛው የትዕዛዝ መጠን እዚህም ላይ ይጠቅማል፤ የዕለት ገዢን ለሱቁ ትቶ የወር ገዢን ይመርጣልና።

ሦስተኛውና ከባዱ መቃወሚያ የመነሻ ገንዘብ ነው። ዕቃን አስቀድሞ ልኮ ማከማቸት ማለት ገንዘብን ለሳምንታት ማሰር ማለት ነው፤ ለዕለት ጉርሱ የሚሸጥ ሰው ይህን አይችልም። እዚህ ላይ ሕጉ አንድ በር ከፍቷል። በተንቀሳቃሽ ንብረት የመያዣ መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በመጋዘን ያለ ዕቃ ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። የማይበላሽ፣ ወጥ በሆነ መጠን የታሸገና የተቆጠረ ዕጣን ለዚህ የሚመች ንብረት ነው። ማኅበራት ከብድርና ቁጠባ ተቋማት ጋር ተስማምተው ለአባላቱ የዕቃውን ከፊል ዋጋ በርክክብ ዕለት ቢከፍሉ፣ ድሃው ሻጭም በክምችቱ ሊሳተፍ ይችላል። ይህ ካልተደረገ ግን ከዚህ በላይ የቀረበው አሠራር ሁሉ የሚጠቅመው ቀድሞውንም ገንዘብ ያለውን ነጋዴ ብቻ እንደሚሆን መታወቅ አለበት።

ስለ ውጭ ገዢዎች

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የዕጣን ገዢዎች መሆናቸው ብዙ ሻጮችን ያጓጓል። ነገር ግን በዚህ አቅጣጫ የትንሽ ጥቅል ፈተና ከቀድሞው በርትቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከ22 ዩሮ በታች ለሆኑ ዕቃዎች የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ መብት በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. አንሥቷል። አሜሪካም ከ800 ዶላር ያልበለጠ ዋጋ ያላቸው ጥቅሎች ያለ ቀረጥ የሚገቡበትን አሠራር በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለሁሉም አገሮች አቁማለች፤ በዚያን ሰሞን የበርካታ አገሮች የፖስታ ድርጅቶች ወደ አሜሪካ የሚላኩ ጥቅሎችን መቀበል ለጊዜው አቋርጠው ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀደም ሲል ከተባለው አይለይም። እያንዳንዱ ጥቅል በየጉምሩኩ ለብቻው ሲመረመርና ሲቀረጥ የእጁ ቁጥር ይበዛል። ለውጭ ገዢ የተሻለው መንገድ ዕቃውን በአንድ ጭነት አስገብቶ፣ በአንድ ሰነድ ቀረጡን ከፍሎ፣ በየከተማው ካሉ ኢትዮጵያዊ ሱቆች ማከፋፈል ነው። የአገር ውስጡ ሥርዓት ሳይጸና ወደዚህ መቸኮል ግን ትርፉ ድካም ነው።

ማጠቃለያ

ከመተማ ዮሐንስ የሚነሣ ትንሽ ዕቃ ገበያ የሚያጣው መንገዱ ስለረዘመ ብቻ አይደለም፤ ያን መንገድ ብቻውን ስለሚሄድ ነው። አብሮ ሲጫን፣ በመዲናዋ ሲከማች፣ አስቀድሞ ሲከፈልበት፣ ከመረከቢያ ቦታ ሲወሰድና ከሌላ ዕቃ ጋር ሲታዘዝ የማስረከቢያ ወጪው ንግዱ ወደሚሸከመው ልክ ይወርዳል። ለዚህ አዲስ አውራ ጎዳና ወይም ልዩ ቴክኖሎጂ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሥራውን በጋራ የሚያስተባብር ማኅበርና የመነሻ ገንዘብ ነው።

ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በዚህ ረገድ የሚጠብቃቸው ሥራ አለ። ስለ ሰሊጥ ምርታማነትና ስለ ዕጣን ዛፍ ጥበቃ ብዙ ተጽፏል፤ አንድ ጥቅል ከመተማ ተነሥቶ ገዢው ዘንድ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ በእያንዳንዱ እጅ ስንት ብርና ስንት ደቂቃ እንደሚጠይቅ ግን በመስክ ተለክቶ መቀመጥ አለበት። ጥቂት ሻጮችን ለአንድ የምርት ዘመን ተከትሎ ይህን መመዝገብ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ለማኅበራትም ሆነ ለፖስታ አገልግሎት ውሳኔ መሠረት የሚሆን ጥናት ነው። ከዚህ በላይ ለማሳያ የቀረቡት ቁጥሮች በተለኩ ቁጥሮች ሲተኩ፣ ክርክሩ ይጸናል ወይም ይታረማል፤ በሁለቱም መንገድ የሚጠቀመው በቆላው ፀሐይ ዕጣን የሚለቅመው ሰው ነው።